ካንሰርና ኮቪድ-19፦ ጥናቶቹ ምን አሳዩ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቸርችል ጎዳና አቅራቢያ ባለው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በአካባቢው ባሉ ክሊኒኮች ስለ ካንሰርና ኮቪድ የሚጠይቁ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ርዕስ ሊሠራ ያሰበ ተማሪ ወይም ሬዚደንት ነው። ሌላው ካርድ ይዞ እናቱን ወይም እኅቱን ለኪሞ የሚያመላልስ ቤተሰብ ነው። ገጹ ለሁለቱም የተዘጋጀ ነው። «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥናቱ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች በፌብሩዋሪ 2020 ከቻይና ወጡ። የያዙት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ካንሰር ያለበት ሰው ኮቪድ ሲይዘው ይብስበታል ወይ? በዚያው ዓመት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች ሆስፒታሎች መዝገባቸውን አቀናጅተው ይህንኑ ጥያቄ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ ደገሙት።

ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ ሌላ ጥያቄ መጣ። ቫይረሱ ጨርሶ ያልያዛቸው፣ ግን ምርመራቸው የዘገየ፣ ቀዶ ሕክምናቸው የተላለፈ፣ የጨረር ቀጠሯቸው የተገፋ ሰዎችስ ምን ሆኑ? 2021 የክትባት ዓመት ሆነ፤ ኪሞ ላይ ያለ ሰው ሲከተብ ሰውነቱ ያውቀዋል ወይ የሚለው ተመረመረ። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ኮቪድ ከዳነ በኋላ በካንሰር ሴሎች ላይ የሚተወው ነገር መኖር አለመኖሩና የኤምአርኤንኤ ክትባት (እንደ ፋይዘር የኮቪድ ክትባት ያለው ዓይነት) ለካንሰር ራሱ መዋል መቻሉ ትኩረት አግኝተዋል።

ለአዲስ አበባ ከሁሉም የሚበልጠው ሁለተኛው ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። ቫይረሱ የገደላቸው ሕሙማን ቢያንስ ይቆጠራሉ። መጓጓዣ አጥታ፣ ፈርታ ወይም ቀጠሮ ተሰርዞባት ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ይዛ ስድስት ወር ቤቷ የቆየች ሴት ግን በየትኛውም የኮቪድ ሪፖርት ውስጥ የለችም።

የካንሰር ሕመምተኛ በኮቪድ የመሞት ዕድሉ ስንት ነው? አንዱ ጽሑፍ 13 በመቶ ይላል፣ ሌላው 28።

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የቆጠሩት ሰው ግን የተለያየ ነው። 13 በመቶ ያለው በዋናነት ከአሜሪካ የተሰበሰበ የ928 ሰዎች መዝገብ ነው፤ ሕክምና ጨርሰው በክትትል ላይ ያሉም ገብተውበታል። 28 በመቶ ያለው የእንግሊዙ የ800 ሰዎች ጥናት ካንሰሩ አሁን ያለባቸውን ብቻ ነው የያዘው። የሳንባና የደረት ካንሰር ያለባቸውን 200 ሰዎች የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ 33 በመቶ አግኝቷል። እነዚህ ሁሉ ክትባት ያልነበረበት ዘመን ቁጥሮች ናቸው፤ ዛሬ ለሚታከም ሰው እንደ ትንቢት መነገር የለባቸውም።

የመጀመሪያው የቻይና ጽሑፍ በጣም ተጠቅሷል። ካንሰር ካለባቸው 39 በመቶው፣ ከሌላቸው 8 በመቶው በጽኑ ታመዋል ወይም ሞተዋል ይላል። 39 በመቶ ሲባል ግን ከ18 ሰው 7 ሰው ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕክምና ጨርሰው ለክትትል ብቻ የሚመላለሱ ነበሩ። ይህን ቁጥር በመግቢያህ የምትጠቅስ ከሆነ 18ቱን አብረህ ጻፍ።

ለማመሳከር የሚሻለው በእንግሊዝ ከ17 ሚሊዮን ሰዎች የሐኪም መዝገብ የተሠራው ነው። ባለፈው አንድ ዓመት የደም ካንሰር የተገኘበት ሰው በኮቪድ የመሞት ዕድሉ በ2.8 እጥፍ ከፍ ያለ ነበር፤ ከደም ውጭ ያለ ካንሰር ከሆነ በ1.7 እጥፍ። ከደም ውጭ ያለው ካንሰር ከታወቀ ከ5 ዓመት በላይ ካለፈው ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት ታክማ የዳነች እናትና ዛሬ የሉኪሚያ ሕክምና የጀመረ ወጣት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ኮቪድን ፈርቶ ኪሞ ማቋረጥ ይሻላል?

በራስ ውሳኔ፣ አይሻልም። የእንግሊዙ የ800 ሰዎች ጥናት ይህን ለይቶ ፈትሾታል። ዕድሜ፣ ጾታና ሌሎች ሕመሞች ሲስተካከሉ ባለፉት 4 ሳምንታት ኪሞ መውሰድ ሞትን ጉልህ በሆነ መጠን አልጨመረም። ልዩነት ያመጡት ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ የልብና መሰል ተጓዳኝ ሕመሞች ናቸው። የደም ካንሰር ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በሽታውም ሕክምናውም የመከላከል አቅሙን ስለሚመቱ ውሳኔው በሐኪሙ ፊት መደረግ አለበት።

ቤተሰብ ሊይዘው የሚገባው አንድ ቁጥር 38 ነው። ኪሞ ከተሰጠ በኋላ በአብዛኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ቴርሞሜትር 38 ዲግሪ ካሳየ «ጉንፋን ይሆናል» ተብሎ አይታደርም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ፓራሲታሞል ከተወሰደ በኋላ መለካት ትኩሳቱን ይደብቃል፤ መጀመሪያ ይለካ። በሩ ላይ የኮቪድ ምርመራ እስኪደርስ ሰዓታት እንዳያልፉ «ኪሞ ላይ ናት፣ የመጨረሻው የተሰጣት በዚህ ቀን ነው» ብሎ ካርዱን ማሳየት ያስፈልጋል። ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰው ላይ የሚነሣ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ ካልቀደመው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

መዘግየት በቁጥር ሲለካ ምን ያህል ይጎዳል?

በኖቬምበር 2020 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 34 ጥናቶችንና ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንን አሰባስቦ ነበር። ቀዶ ሕክምና በየ4 ሳምንቱ በዘገየ ቁጥር የመሞት ዕድል ከ6 እስከ 8 በመቶ ይጨምራል። ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና 8 በመቶ ነው፤ 8 ሳምንት ከዘገየ 17፣ 12 ሳምንት ከዘገየ 26 በመቶ ይደርሳል። የራስና የአንገት ካንሰር ጨረር ሲዘገይ ጭማሪው በየ4 ሳምንቱ 9 በመቶ ነው።

ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። «26 በመቶ ጨመረ» ማለት ከ100 ሰው 26 ተጨማሪ ሰው ሞተ ማለት አይደለም። ሳይዘገይ ከ100 ሴቶች 20 ይሞቱ ከነበረ፣ በ12 ሳምንት መዘግየት ወደ 25 ይጠጋሉ ማለት ነው። አምስት እናቶች ናቸው፤ ቁጥሩን ማጋነን ሳያስፈልግ ከባድ ነው።

ለእንግሊዝ የተሠራ ሌላ ስሌት የምርመራ መዘግየትን ብቻ ወስዶ በ5 ዓመት ውስጥ የጡት ካንሰር ሞት ከ7.9 እስከ 9.6 በመቶ፣ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ከ15.3 እስከ 16.6 በመቶ እንደሚጨምር ገምቷል።

እነዚህን ቁጥሮች ለአዲስ አበባ እንዳሉ መውሰድ ይቻላል?

አቅጣጫቸውን አዎ፣ መጠናቸውን አይደለም። ጥናቶቹ የተሠሩት መዘግየቱ በሳምንት በሚቆጠርበት አገር ነው፤ እዚህ የጨረር ወረፋ በወር ሲቆጠር ቆይቷል። በአራት ሳምንት የተለካን ጭማሪ በስምንት ወር ማባዛት ስሌት ይመስላል እንጂ ስሌት አይደለም። ከዚያም በላይ ብዙዎቹ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ሕሙማን እዚህ የሚደርሱት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ነው፤ መዘግየቱ የጀመረው ሆስፒታል ከመድረሳቸው በፊት ነው።

ወረርሽኙ ይህን አባባሰው። የመጀመሪያው ሰው በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን ታወጀ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ሲታዘዝ የታክሲ ዋጋ ዕጥፍ ሆነ። ከክልል መጥታ መርካቶ ዘመድ ቤት ተጠግታ ጨረር ለምትወስድ ሴት፣ በሳምንት አምስት ቀን ደርሶ መልስ ዕጥፍ መክፈል ማለት ነው። የዕለት ጨረር ሲቋረጥ ደግሞ ዕጢው በመሐል ያገግማል፤ የማህፀን በር ካንሰር ጨረር በአጠቃላይ ከ8 ሳምንት እንዳይበልጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

መዘግየትን በትክክል ለመለካት ምን መመዝገብ አለበት?

ስድስት ቀኖች። ሕመምተኛዋ ምልክቱን ያየችበት ቀን፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ የሄደችበት፣ ሪፈር የተጻፈበት፣ ናሙና የተወሰደበት፣ የፓቶሎጂ ውጤት የወጣበትና የመጀመሪያው ሕክምና የተሰጠበት። መዘግየቱ የሕመምተኛዋ፣ የሪፈር፣ የላቦራቶሪ ወይስ የወረፋ መሆኑ የሚለየው እነዚህ ሲኖሩ ነው። ቤተሰብም ቢሆን በደብተር ጀርባ ቢይዛቸው ለሐኪሙ ትልቅ ዕርዳታ ነው።

ከቻርት ሲለቀም ትልቁ አደጋ የቀን አቆጣጠር ነው። በአንድ ቻርት ውስጥ ነርሷ በኢትዮጵያ፣ ላቦራቶሪው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋሉ። «05/07/12» የሚለውን እንይ። መጋቢት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሆነ ማርች 14፣ 2020 ነው። እንደ አውሮፓ ካነበብከው ግን ጁላይ 5፣ 2012 ሆኖ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ይስታል። ስምንት ዓመቱ ያስደነግጥና ይያዛል፤ የሚያመልጠው የአንድ ቀን ስሕተት ነው። 2011 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለነበረች የ2012 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ላይ ሳይሆን ሴፕቴምበር 12፣ 2019 ነው፤ ልዩነቱ የሚስተካከለው ፌብሩዋሪ 29፣ 2020 ካለፈ በኋላ ነው። በእጅ መቀነስ ሳይሆን በመቀየሪያ ፕሮግራም ይሠራ። ቻርቱ ላይ ያለው ቀን እንዳለ በአንድ ዓምድ፣ የተቀየረው በሌላ ዓምድ ይቀመጥ። ቀኑን አንዴ ቀይረህ ዋናውን ካጠፋህ ስሕተቱን ፈልገህ አታገኘውም።

ለማነጻጸር ከመጋቢት 2011 እስከ የካቲት 2012 ዓ.ም. ያለውን ዓመት ከመጋቢት 2012 እስከ የካቲት 2013 ጋር ማስተያየት ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ሙሉ ዓመት መወሰዱ የክረምቱና የበዓላቱ መቀዛቀዝ የኮቪድ ተጽዕኖ እንዳይመስል ይረዳል።

ኪሞ ላይ ያለ ሰው ክትባት ይሠራለታል?

በከፊል፤ ለዚህም ነው አንድ መጠን ብቻ የማይበቃው። በ2021 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት የፋይዘርን ክትባት አንድ ጊዜ ከተከተቡ በኋላ ፀረ እንግዳ አካል ያወጡትን ቆጠረ፤ ጤነኞች 94 በመቶ፣ ከደም ውጭ ያለ ካንሰር ያለባቸው 38 በመቶ፣ የደም ካንሰር ያለባቸው 18 በመቶ። ሁለተኛው በ21ኛው ቀን ሲሰጥ ግን ከደም ውጭ ያለ ካንሰር ያለባቸው 95 በመቶ ደረሱ።

ሕክምና ገና ላልጀመረ ሰው ቢቻል ሁለት ሳምንት ቀድሞ መከተብ ይመረጣል። ከጀመረ በኋላ በሁለት ዙር ኪሞ መካከል፣ የደም ቆጠራው ሲያንሰራራ ይሰጣል። ሪቱክሲማብ የተባለውን የደም ካንሰር መድኃኒት የወሰደ ሰው ለ6 ወር ያህል ፀረ እንግዳ አካል የማውጣት አቅሙ ደካማ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ በሌላው የመከላከያ ክንድ፣ በቲ ሴል በኩል የሚያገኘው ጥቅም አለ። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ካንሰሩ ባልነካው ወገን ክንዷ ላይ ትከተብ። ክትባት የብብት ንፍፊትን ለጥቂት ሳምንታት ሊያሳብጥ ስለሚችል ማሞግራፊ ወይም አልትራሳውንድ ስትነሣ መቼና በየትኛው ክንድ እንደተከተበች ትናገር፤ አለበለዚያ የክትባት እብጠት የተሰራጨ ካንሰር መስሎ አላስፈላጊ ናሙና ሊያስወስድ ይችላል።

ኮቪድ ከያዘ በኋላ ቀዶ ሕክምና መቼ ይደረጋል?

በ116 አገሮች ከ140 ሺህ በላይ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት ኮቪድ ያልያዛቸው በ30 ቀን ውስጥ 1.5 በመቶ እንደሞቱ፣ ኮቪድ በተገኘባቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ግን 4.1 በመቶ እንደሞቱ አሳየ። ወደ 1.5 የተመለሰው ከ7 ሳምንት በኋላ ነው። ጥናቱ የተሠራው ከክትባት በፊት ነው። ለካንሰር ሕመምተኛ 7 ሳምንት እንዲሁ የሚጣል ጊዜ ስላልሆነ ቀዶ ሐኪሙና ሰመመን ሰጪው የዕጢውን ፍጥነትና የሳንባውን ሁኔታ አብረው ይመዝናሉ። ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ ካልለቀቀ 7 ሳምንት ሞላ ተብሎ አይገባም።

ኮቪድ ካንሰር ያመጣል?

ኤችፒቪ እንደሚባለው ቫይረስ ሴልን ቀይሮ ካንሰር እንደሚያደርግ የተረጋገጠ ነገር የለም። ኤችፒቪ ግን የማህፀን በር ካንሰርን ያመጣል፤ በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት በ2018 የተጀመረው ለዚህ ነው።

በ2025 የወጣ ሥራ ግን ትኩረት ይገባዋል። በአይጥ ሳንባ ውስጥ ተኝተው የነበሩ የጡት ካንሰር ሴሎች በኢንፍሉዌንዛና በኮቪድ ቫይረስ ሳቢያ በተነሣ ብግነት ነቅተው ሲባዙ ታይተዋል፤ ኢንተርሉኪን-6 የተባለው ንጥረ ነገር ዋናው ቀስቃሽ ነው። ከሰዎች መዝገብ የተገኘውም ምልክት ወደዚያው ያዘነብላል። መንስኤ ነው ለማለት ግን ገና ነው። የጡት ካንሰር ታክማ ለዳነች ሴት ትርጉሙ ቀላል ነው፤ የመተንፈሻ ኢንፌክሽንን መከላከል ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም።

የኤምአርኤንኤ ክትባት ለካንሰር ሊውል ነው የሚባለው እውነት ነው?

በሙከራ ላይ ነው። ቴክኖሎጂው ከኮቪድ በፊትም ለካንሰር ሲጠና ነበር። በ157 የቆዳ ካንሰር ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራ ለእያንዳንዱ ታካሚ ዕጢ የተዘጋጀ ክትባት የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ ከሚያነሣሣው ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ሲሰጥ የበሽታውን መመለስ ወይም ሞትን በ44 በመቶ ቀንሷል። በ2025 ደግሞ እንዲህ ያለውን ሕክምና (ኢሚውኖቴራፒ) ከመጀመራቸው በፊትም ሆነ ከጀመሩ በኋላ በ100 ቀን ውስጥ የተለመደውን የኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባት ያገኙ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 37.3 ወር፣ ያላገኙት 20.6 ወር እንደሆነ ከመዝገብ ተገኝቷል። ወደ ኋላ ታይቶ የተሠራ ስለሆነ ጠንካራዎቹ ሰዎች የተከተቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዕጣ በተመደበ ሙከራ መረጋገጥ አለበት።

ዴክሳሜታሶን፣ ዳማከሴ፣ ፓክስሎቪድስ?

ዴክሳሜታሶን በቀን 6 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን የሚጠቅመው ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ጥቅም አልተገኘበትም። ኪሞ የሚያመጣውን ማስመለስ እንዲከላከል የተሰጠውን የተረፈ የዴክሳሜታሶን እንክብል ለኮቪድ መዋጥ ስሕተት ነው። የኮቪድ መድኃኒት በሆነው በፓክስሎቪድ ውስጥ ያለው ሪቶናቪር እንደ ቪንክሪስቲን፣ ቬኔቶክላክስና ኢብሩቲኒብ ያሉ የካንሰር መድኃኒቶች በደም ውስጥ እንዲጠራቀሙ ስለሚያደርግ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ዝርዝር ሳይታይ አይጀመርም። የዳማከሴም ሆነ የሌላ ቅጠል ጭማቂ ከተጠጣ ለሐኪሙ ይነገር፤ አፍሮ መደበቅ አያስፈልግም።

የጥናት አዝማሚያውን ራሴ መቁጠር ብፈልግ እንዴት ልጀምር?

የሕክምና ጽሑፎች የኢንተርኔት ማውጫ በሆነው በፐብሜድ ጀምር፤ ነጻ ነው። ሙሉ ጽሑፍ ሲያስፈልግ ደግሞ ዩኒቨርሲቲህ በሂናሪ (ለታዳጊ አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን በሚከፍተው ፕሮግራም) በኩል መግቢያ እንዳለው ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቅ። ሁለት የቃላት ቡድን አዘጋጅ። በአንዱ የካንሰር ቃላት፣ በሌላው የቫይረሱ ቃላት በ«ወይም» ይያያዛሉ፤ ሁለቱ ቡድኖች በ«እና» ይገናኛሉ። ኮቪድ-19 የሚለው ስም የወጣው ፌብሩዋሪ 11፣ 2020 ስለሆነ ከዚያ በፊት «የ2019 አዲሱ ኮሮናቫይረስ» ይባል የነበረበትን ስያሜ ካልጨመርክ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ታጣለህ። ፐብሜድ በአንድ ጊዜ ከ10,000 በላይ ስለማያወርድ በዓመት በዓመት ከፍለህ አውርድ፤ ዞተሮ በሚባለው የጽሑፍ ማደራጃ ፕሮግራም ውስጥ አስገብተህ ድግግሞሹን አስወግድ።

ቪኦኤስ ቪውር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የቃላት ካርታ ከመሥራትህ በፊት ተመሳሳይ ቃላትን የሚያዋህድ ዝርዝር አዘጋጅ። አለበለዚያ «ካንሰር»፣ «ካንሰሮች» እና «ኒዮፕላዝም» ሦስት የተለያዩ ክቦች ሆነው ካርታው ያሳስታል። የፐብሜድ ፋይል የጥቅስ መረጃ ስለማይዝ ማን ማንን ጠቀሰ የሚለውን ካርታ ከእሱ አትጠብቅ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን እዚህ አይደለም፤ ርዕሱ ላይ «በኮቪድ ዘመን» ያለ ሁሉ ስለ ኮቪድ የሚመስለው ሰው ነው የሚሰናከለው። ከተገኙት መካከል 200 ያህሉን በዕጣ አውጥተህ አጭር መግለጫቸውን አንብብ፤ ስንቱ በእርግጥ ስለ ሁለቱ እንደሆነ ቁጠርና ውጤቱን በዘዴ ክፍልህ ጻፍ። የ2020 ዕድገት ትልቅ ድርሻው ደብዳቤና አስተያየት ስለሆነ ከምርምር ጽሑፍ ለይተህ ቁጠር።

የተሰረዙትንም ፈትሽ። በሜይ 2020 ላንሴት ላይ የወጣው የሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ጽሑፍ የ96,000 ሕሙማን መረጃ አለኝ ብሎ ነበር፤ መረጃው ሊረጋገጥ ስላልቻለ በጁን 4 ተሰረዘ። ዛሬም የሚጠቅሱት አሉ።

በአዲስ አበባ ገና ያልተመለሰና ለመመረቂያ የሚበቃ ጥያቄ አለ?

አለ። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ከ2011 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ይሠራል። ከወረርሽኙ በፊትና በኋላ የተመዘገቡ አዳዲስ ሕሙማን ደረጃ ተለውጧል ወይ ብሎ ማየት ይቻላል። መዝገቡ የከተማዋን ነዋሪ ስለሚቆጥር ከክልል የመጡትን ለማየት የሆስፒታሉን ቻርት ማከል ያስፈልጋል፤ የዘመድ አድራሻ የሰጠ ሰው ነዋሪ ሆኖ እንዳይቆጠርም መጠንቀቅ ይገባል።

ዕቅድህ ውስጥ ፈልገህ ያጣኸውን ቻርት ቁጥር ለመጻፍ ቦታ ተው። 400 ፈልገህ 310 ብታገኝ፣ የጠፉት 90 እንዲሁ በአጋጣሚ የጠፉ አይምሰሉህ። ብዙ ጊዜ የሞቱት፣ ወደ ሌላ የተላኩትና አንድ ጊዜ መጥተው ያልተመለሱት ናቸው፤ ስለ መዘግየት ለማወቅ የምትፈልገውም በዋናነት የእነሱን ነው። ከካርድ ክፍል መዝገብ ላይ ቢያንስ ዕድሜያቸውን፣ የመጡበትን አካባቢና የመጀመሪያ ቀጠሯቸውን ቀን ይዘህ ከተገኙት ጋር አነጻጽር።